የመነጽሩ ቁጥር በዓመት ሁለቴ ሲቀየር

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ሲያሸው ይውላል። በአንድ ዓመት ውስጥ መነጽሩ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ የቀኝ ዓይኑ አስቲግማቲዝም (የዓይን ገጽ በየአቅጣጫው እኩል አለመጉበጥ የሚያመጣው ብዥታ) ከ1.50 ተነስቶ 3.25 ገባ። ሐኪሙ በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው መብራት ባለው መሣሪያ) አይተው «ኮርኒያው (የዓይኑ የፊት ጥርት ያለ ሽፋን) ንጹህ ነው» ካሉን በኋላ ቶፖግራፊ (የኮርኒያን ቅርጽ በካርታ የሚያሳይ ምርመራ) አዘዙልን። ንጹህ ከሆነ ለምን? ፒያሳ ያለው መነጽር ቤት በማሽን ለክቶ የሰጠን ብጣሽ ወረቀት አይበቃም?
እናት፣ ከአራዳ

መልስ፦ አይበቃም፤ ግን አይጣሉት። የወረቀቱ «ኬ» ቁጥር፣ ማለትም የጉብጠቱ ልክ፣ የሚለካው የኮርኒያን መሐል፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ብቻ ነው። ሐኪሙ የጠረጠሩት ኬራቶኮነስን ይመስለናል። ይህ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም ሲሆን፣ ሹሉ ብዙውን ጊዜ ከመሐል ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። በስሊት ላምፕ የሚታዩት ምልክቶች ደግሞ ሕመሙ ከገፋ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የተለመደው ቶፖግራፊ የብርሃን ቀለበቶችን አንጸባርቆ የፊቱን ገጽ ብቻ ያነባል። ጅማሬው ላይ ይህ ሊሸውድ ይችላል፤ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ሽፋን ከሹሉ አናት ላይ ሳስቶ፣ ዙሪያውን ወፍሮ፣ ጎርባጣ ግድግዳ በልስን እንደሚስተካከል ጉብታውን ይደብቀዋል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ቶሞግራፊ ይጠይቁ። ፔንታካም የሚባለው መሣሪያ አንዱ ነው፤ ካሜራው እየዞረ የኋላውን ገጽና ውፍረቱንም ይለካል።

ውጤቱ ሲመጣ በካርታው ላይ ያለ ቀይ ቀለም አያስደንግጥዎ፤ የቀለሙ እርከን ከጠበበ ጤነኛ ኮርኒያም ቀይ ይመስላል። የመሐል ውፍረት በአማካይ 540 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ግድም ነው፤ ከዚያ ቢያንስም ብቻውን ሕመም አይደለም። የሚያሳስበው በጣም ስሱ ነጥብ ወደ ታችና ወደ ጆሮ በኩል ሸሽቶ፣ እዚያው ቦታ የኋላው ገጽ ጎብጦ ሲገኝ ነው። የሁለቱ ዓይኖች ልዩነትም ይናገራል።

ምስሉን የሚያበላሸው ብዙ ነው። የደረቀ ዓይን፣ ወዲያው የተጨመረ ጠብታ፣ የሚንቀሳቀስ ራስ፣ ከሁሉም በላይ የዓይን ቆቡን ሲከፍት ዓይኑን የሚጫን ጣት። ምስሉ ከመነሳቱ በፊት ልጁ ዓይኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ያርገብግብ፤ በየዓይኑ ቢያንስ ሁለት ምስል ይነሳ፤ የጥራት መለኪያው «ኦኬ» ካላለ ይደገም። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነ ለስላሳውን ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ጠንካራውን ከ3 እስከ 4 ሳምንት አስቀድሞ ያውልቅ።

በእሱ ዕድሜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ በዚያው መሣሪያ ይደገም፤ የተለያዩ መሣሪያዎች ቁጥር አይነጻጸርም። ከፍተኛው ሹለት በዓመት ውስጥ 1 ዳዮፕተር (የጉብጠት መለኪያ) ከጨመረ ክሮስሊንኪንግ ይታሰባል። ይህ በራይቦፍላቪን ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን የሚያጠነክር ሕክምና ነው። በተለመደው አሠራር ቢያንስ 400 ማይክሮን ውፍረት ስለሚፈልግ መዘግየት ዕድሉን ያጠባል።

ማሸቱን ግን ዛሬውኑ ያስቁሙት። ሲያሳክከው በንጹህ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዝለት፤ አለርጂውም ይታከም። ከፋርማሲ በራስዎ የስቴሮይድ ጠብታ አይግዙ፤ ማሳከኩን ቶሎ ቢያስታግስም የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።