መጀመሪያ ሳህኑን ገልብጡት

ልጆቼ፣ የጥንት ዕቃ መለየትና መንከባከብ ለምትማሩ የምሰጣችሁ ምክር አጭር ነው፦ የሳፋቪድ ዘመን (ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ኢራንን የገዛው ሥርወ መንግሥት) የፋርስ ሰማያዊና ነጭ ሳህን እጃችሁ ሲገባ ሥዕሉን ለኋላ አቆዩት። ወፉ፣ ድንጋዩ፣ የቻይና ልብስ የለበሰው ሰው፣ ሁሉም የቻይናን ዕቃ እንዲመስል ታስቦ የተሣለ ነው። ሥዕሉን ብቻ አይቶ የፈረደ ሰው ደጋግሞ ይሳሳታል። ዕቃውን ገልብጣችሁ እግሩን፣ ማለትም የሚቆምበትን የሥር ቀለበት፣ እዩ።

ከመገልበጣችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፉ፤ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ። የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል፤ ንጹሕና ደረቅ እጅ ወይም ልክ የሆነ የላስቲክ ጓንት ይሻላል። በጠርዙ ፈጽሞ አታንሱት። ጠርዙ የድሮ ጥገና ያለበት ከሆነ ቁራጩ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ከሥር፣ የብርጭቆ ልባሱ ያልደረሰበትን ቀለበት በባትሪ መብራት አስተውሉ። የቻይና ፖርሰሊን፣ ያ ነጭ ጠንካራ ሸክላ፣ ድፍንና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የፋርሱ ግን ቅንጣቱ የሚታይ፣ የተሰበረበት ቦታ እንደ ስኳር ቁራጭ ሻካራ ሆኖ ውኃ የሚመጥ ነው። ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። በኢራን ካለችው ከካሻን ከተማ የሸክላ ሠሪዎች ቤተሰብ የተወለደው አቡል ቃሲም እ.ኤ.አ. በ1301 የጻፈው ቀመር እስካሁን አለ፦ አሥር እጅ የተፈጨ ኳርትዝ (ነጭ ጠንካራ ድንጋይ)፣ አንድ እጅ የተፈጨ ብርጭቆ፣ አንድ እጅ ነጭ ጭቃ። ብርጭቆው ራሱ ኳርትዝና ከተክል አመድ የተገኘ ሶዳ አብረው ቀልጠው የተሠራ ነው። ጭቃው ያን ያህል ትንሽ ስለሆነ ሊጡ በእጅ አይሳብም፤ በሸክላ መንኮራኩር ላይ ቀጠን ላድርግህ ሲሉት ይቀደዳል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቅርጽ ማውጫ ይጠቀሙ ነበር። ፖርሰሊን 1,300 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲፈልግ ይህኛው ወደ 1,000 በሚጠጋ እሳት ይበስላል። አቡል ቃሲም ስለ ማገዶውም ነግሮናል፤ በባግዳድና በታብሪዝ የአኻያ እንጨት ያነዱ ነበር፣ እንዳይጨስ ቅርፊቱን ልጠው። ጭስ የገባበት ነጭ ልባስ ይጠቁራል።

ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው ኮባልት የተባለ ማዕድን ነው፤ ካሻን አጠገብ ካለችው ከቀምሰር መንደር ይወጣ ነበር። ልባሱ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ደማቅ ሰማያዊ ይሰጣል፤ በዛ ሲሉት ወደ ጥቁር ያደላል። ትልቁ ችግር መፍሰሱ ነው። ሶዳ የበዛበት ልባስ እሳት ላይ ሲቀልጥ ኮባልቱን ይዞት ይሄዳል፣ መስመሩም ይደበዝዛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ሠሪዎች ያገኙት መላ ዙሪያውን ክሮም የተባለ ብረት ባለበት ጥቁር ቀለም አስምሮ ውስጡን በሰማያዊ መሙላት ነው፤ ጥቁሩ ከቦታው አይነቃነቅም። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ስታዩት ጥቁሩ መስመር ጥርት ብሎ፣ ሰማያዊው ደግሞ ከመስመሩ አልፎ ፈሶ ታገኙታላችሁ። ይህን ካያችሁ ወደ ፋርስ አዘንብሉ። ጥቁር መስመር አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በሰማያዊ ብቻ የተሣለ የፋርስ ዕቃ ሞልቷል።

ከሥር የቻይና ጽሑፍ የሚመስል ምልክት ካለ ለማንበብ አትድከሙ። የማያነበው ሠዓሊ የቻይናን ማኅተም በዓይኑ ቀድቶ ጥቂት የብሩሽ ጭረቶችን ከአራት ማዕዘን ሥር እንደ ዘርፍ አንጠልጥሎታል። ይህ ዓይነቱ በተለይ ከኢራኗ ከተማ ከከርማን ዕቃዎች ጋር ይያያዛል። ማሽሀድም ሌላዋ ትልቅ ማዕከል ነበረች።

ይህ ሁሉ መምሰል ከየት መጣ? የሳፋቪዱ ንጉሥ ሻህ አባስ እ.ኤ.አ. በ1611 በኢራን ላለው ለአርዳቢል መቅደስ ከ1,100 በላይ የቻይና ዕቃዎችን ሰጥቷል፤ የቤተ መንግሥቱ ምርጫ ምን እንደነበር ከዚህ ይታያል። በ1644 በቻይና የሚንግ መንግሥት ወድቆ የቻይና አቅርቦት ሲስተጓጎል ደግሞ የኔዘርላንድስ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የፋርሱን ዕቃ በባንዳር አባስ ወደብ በኩል እየጫነ በቻይናው ምትክ ይሸጠው ጀመር። የቻይናን ሥራ ማየት ለለመደ ገዢ የሚበቃ ሥራ ነበር ማለት ነው። የፋርሱን ዕቃ «ያልተሳካ ፖርሰሊን» የሚለው የድሮ አባባል ለእኔ ስንፍና ነው።

ማጽዳት ላይ ብዙ ዕቃ ጠፍቷል። ዕቃውን ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ውኃው በስብራቱና በልባሱ ስንጥቅ ገብቶ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፤ ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ወጥቶ ይጠጥራል፣ ልባሱንም ከሥሩ ገፍቶ ያነሳዋል። ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ያጠበው ሰው ጥፋቱን ላያውቅ ይችላል። በተጣራ ውኃ በትንሹ የራሰ ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠቅልላችሁ መጀመሪያ ከሥር በማይታይ ቦታ ሞክሩ፤ ቀለም ወደ ጥጡ ከወጣ አቁሙ፣ የጥገና ቀለም ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ብታዩትም የተጠገነው ቦታ ብዙውን ጊዜ በተለየ መልክ ያበራል።

ዓይናችሁን ለማሠልጠን ለንደን ያላችሁ ቪክቶሪያና አልበርት፣ ቶሮንቶ ያላችሁ ሮያል ኦንታሪዮ፣ ዶሐ ያላችሁ የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ሂዱ። መዝገብ ስትሞሉም የገላውን (ከልባሱ ሥር ያለውን ሸክላ) ዓይነት፣ የእግሩን መልክ፣ የጥቁር መስመሩን መኖር አለመኖር ለየብቻ ጻፉ፤ «ከርማን» ከማለታችሁ በፊት «ምናልባት» ጨምሩ፤ ቦታውን በእርግጠኝነት ለመለየት ከገላው ስስ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር አለበት።