የላም ወተት አለርጂና የፎርሙላ ምርጫ፦ ጠይቁ፣ ሲስተር ትመልሳለች

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜ፣ ምን እንደጠጣ፣ ከጠጣ ስንት ሰዓት ቆይቶ ምን እንደሆነ ጻፉልኝ። ከንፈሩ ወይ ምላሱ ያበጠ፣ መተንፈስ ያቃተው፣ ዝልፍልፍ ያለ ልጅ ካለ የኔን መልስ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ውሰዱት።

አዲስ እናት፦ ሲስተር ልጄ ፎርሙላ አልተስማማውም፣ የቱ ይሻለዋል?

ሲስተር፦ እህቴ ዕድሜው ስንት ነው? "አልተስማማውም" ማለት ምን ሆነ? አስመለሰው፣ ሽፍታ ወጣበት፣ ደም ያለው ካካ አለው? እንዲህ ተጠይቆ መመለስ አልችልም።

የመንታ እናት፦ ሲስተርዬ አንዷ ልጄ 4 ወሯ ነው፣ የተለመደውን ፎርሙላ ጠጥታ ወዲያው ፊቷና ደረቷ ላይ ቀያይ እብጠት ወጣ፣ አስመለሳት። ላክቶስ የሌለውን ግዢ እየተባልኩ ነው፣ ልግዛ?

ሲስተር፦ አይ፣ እንዳትገዢ! ላክቶስ ማለት የወተት ስኳር ነው፣ አለርጂ የሚያስነሳው ግን ፕሮቲኑ ነው፣ ኬሲንና ዌይ የሚባሉት። ላክቶስ የሌለው ጣሳ ውስጥ ፕሮቲኑ እንዳለ አለ። ያንቺ ልጅ የሆነችው ፈጣኑን ዓይነት ይመስላል፣ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚመጣው፣ ስለዚህ ያንን ፎርሙላ አቁሚና ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ሌላው ቀርፋፋው ነው፣ ከሰዓታት ወይ ከቀናት በኋላ ንፍጥና ደም ያለው ካካ፣ ትውከት፣ አንዳንዴ ክብደት አለመጨመር። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ፕሮቲኑ በጣም የተሰባበረ ፎርሙላ ነው፣ አለርጂ ካለባቸው 10 ልጆች ቢያንስ 9ኙ ይችሉታል። ያ ካልሆነ ወይም የመጀመሪያው ሪአክሽን ከባድ ከነበረ ፕሮቲኑ እስከ መጨረሻው የተፈታበት የአሚኖ አሲድ ፎርሙላ አለ። ጣሳው ላይ ኤች ኤ የተጻፈበት ግን በከፊል ብቻ የተሰባበረ ነው፣ አለርጂ ለያዘው ልጅ አይሆንም፣ ስሙ አያታላችሁ።

የመንታ እናት፦ እሺ፣ ግን ሽታው ይከብዳል ይላሉ፣ እምቢ ብትልስ?

ሲስተር፦ ይመራል አዎ። ሕፃናት ቶሎ ይለምዱታል፣ ትልልቆቹ ናቸው የሚያስቸግሩት። ካካዋ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጪ።

አባት ነኝ፦ የፍየል ወተት ለምን አይሞከርም? ቀላል ነው ይባላል፣ የዘመዴ ልጅ በሱ ነው ያደገው።

ሚጣዬ፦ ወንድሜ ያ ልጅ መጀመሪያውኑ አለርጂ ነበረበት?

አባት ነኝ፦ ሆዱን ያመው ነበር።

ሚጣዬ፦ ሆድ ቁርጠት ሁሉ አለርጂ ነው እንዴ! እኔ ጡት እያጠባሁ ወተትና ቅቤ ሁሉ ትቼ ነው ልጄ የተሻለው፣ ሁሉም እናት ብትተው ጥሩ ነው።

የመንታ እናት፦ ኸረ ሁሉም እናት ለምን ትተዋለች፣ ስንቱን ልንተው ነው!

ሲስተር፦ አንዴ ልግባ። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል የላሙ የማይስማማው ልጅ ከ10 ዘጠኝ ጊዜ የፍየሉም አይስማማውም፣ በዚያ ላይ ፎሌት የሚባል ቫይታሚን ስለሚያንሰው ለሕፃን ብቻውን ደም ማነስ ያመጣል። ሚጣዬ ያንቺ ልጅ ምልክት ነበረው፣ ስለዚህ ልክ ነሽ፣ ምልክት የሌለው ልጅ እናት ግን ምንም መተው የለባትም። የምትተውም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሞክራ ለውጥ ከሌለ ትመለስ፣ ለውጥ ካለም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ትውሰድ። ጡት ማጥባት ማቆም መፍትሔ አይደለም።

ሰናይት፦ የአኩሪ አተር ፎርሙላስ?

ሲስተር፦ ከ6 ወር በታች አይመከርም። ከዚያ በላይ ሐኪም ካለ።

የቢኒ እናት፦ የኔ 2 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ በሕፃንነቱ ካካው ላይ ደም ይታይ ነበር፣ ሌላ ምንም ሆኖ አያውቅም። ይለቀዋል? ወይስ ዕድሜ ልኩን ነው?

ሲስተር፦ ይሄ ጥያቄ ነው ሁሌ መጠየቅ ያለበት! ብዙ ልጅ ይለቀዋል። ቀርፋፋው ዓይነት አብዛኛውን ልጅ 3 ዓመት እስኪሞላው ይለቃል፣ ፈጣኑ ይዘገያል፣ እሱም ቢሆን ከግማሽ በላዩ ትምህርት ቤት እስኪገባ ባለው ይለቃል። እኔን የሚያናድደኝ አንዴ "አለርጂ አለበት" ተብሎ ዓመታት ሳይመረመር የሚቀር ልጅ ነው፣ ያለ ምክንያት ካልሲየሙም ፕሮቲኑም ይቀርበታል፣ ስለዚህ በየ6 ወሩ ወይ በየዓመቱ እንደገና ይታይ። ወተት መልሶ የሚጀመረው ወተት ባለበት የተጋገረ ምግብ ነው። ወተት ከዱቄት ጋር ሆኖ 180 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጋገር የዌዩ ፕሮቲን ቅርጹ ይበላሻል፣ ዱቄቱም ይይዘዋል፣ ሰውነት እንደ ድሮው አያውቀውም፣ ለዚህ ነው ከ10 ልጆች 7 ያህሉ ያልተጋገረ ወተት ሳይችሉ ኬክ የሚችሉት። ኬሲን ግን ሙቀት አይበግረውም፣ ወተት አፍልቶ መስጠት እንደ መጋገር አይቆጠርም። ከብስኩት ወደ ኬክ፣ ከዚያ አይብ፣ እርጎ፣ መጨረሻ ወተት፣ በየደረጃው እየቆያችሁ። ያንቺ ልጅ ቀለል ያለ ስለነበር ሐኪሙ ከፈቀደ ቤት ይጀመራል። ሪአክሽኑ ፈጣን የነበረ፣ አስም ያለበት፣ ወይም ከሰዓታት በኋላ ደጋግሞ አስመልሶት የገረጣና የዛለ ልጅ ቤት ውስጥ አይሞከርበትም፣ ሆስፒታል ብቻ።

አዲስ እናት፦ ሲስተር ላክቶስ የሌለው ይሻለዋል እንዴ?

ሲስተር፦ ከላይ መልሻለሁ እህቴ፣ አንብቢው። ዕድሜውንም እስካሁን አልነገርሽኝም።

አባት ነኝ፦ የሩዝ ወተትስ ሲስተር?

ሲስተር፦ የሩዝ፣ የአጃ፣ የለውዝ መጠጥ ከ1 ዓመት በታች በጡት ወይ በፎርሙላ ፋንታ አይሰጥም። የሩዙ አርሰኒክ የሚባል መርዝም ስላለው ለትንንሽ ልጆች ጨርሶ አታስለምዱ።

የቢኒ እናት፦ የደም ምርመራው አሁንም ፖዘቲቭ ቢልስ?

ሲስተር፦ ወረቀቱ ብቻውን አይፈርድም፣ ያውም የቀርፋፋው ዓይነት በደም አይታይም። ለቢኒ ወሳኙ ሲበላ የሚሆነው ነው። ቀጠሮ ያዢና የተጋገረውን መቼ እንደምትጀምሩ ጠይቂ።