ባለቤቴ የተኩስ ደስታዬን እንድትካፈለኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የምኖር የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ 41 ዓመቷ ነው፤ ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል፣ ሁለት ልጆችም አሉን። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ለመተኮስ እሄዳለሁ። ዓምና ደግሞ በጥቁር ባሩድ የምትተኮስ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣት ትንሽ መድፍ ገዛሁ። ይህን ደስታ ከባለቤቴ ጋር መካፈል ፈልጌ ወደ አንድ የተኩስ አዳራሽ ወሰድኳትና 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጤን ሰጠኋት። ሁለት ጥይት ተኩሳ አስቀመጠችው፤ መኪና ውስጥ አለቀሰች። በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት በእንግዶቻችን ፊት መድፏን ስተኩስ ደግሞ ልጆቹን ይዛ ቤት ገባች፤ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሕፃን ነበረች፤ ሰፈራቸውም ቅርብ ነበር። ግን ይህ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈሪ ሆና ነው ወይስ የኔን ነገር ንቃ? እንዴት ላስለምዳት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደስታዎን ከትዳር አጋርዎ ጋር ለመካፈል መፈለግዎ መልካም ነገር ነው፤ ተስፋ አይቁረጡ። ባለቤትዎ ግን ፈሪም አይደሉም፣ እርስዎንም አልናቁም። የሆነውን ነገር በሰውነታቸው በኩል እንመልከተው።

ድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ ሲሰማ ሰውነት የሚደነግጠው ሐሳብ ከመድረሱ በፊት ነው። ዓይን ይጨፈናል፣ አንገትና ትከሻ ይሸማቀቃል፣ ልብ ይመታል። ይህ በፈቃድ የሚታዘዝ አይደለም። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ድምፅ ወደ 160 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ከ140 በላይ የሆነ ፍንዳታ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። በአዳራሽ ውስጥ ግድግዳውና ጣሪያው ድምፁን መልሰው ይልኩታል። ጎረቤት መስመር ላይ የቆመው ሰው ደግሞ መቼ እንደሚተኩስ አይታወቅም። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ቦታ መምረጥ ይከብዳል።

የ1983ቱን ነገር በዓመት ብዛት አይለኩት። ፍርሃት በጊዜ ብቻ አያረጅም። የሚለዝበው ያው ድምፅ ያለ አደጋ፣ በሰውዬው ፈቃድና ልክ ደጋግሞ ሲሰማ ነው። ባለቤትዎ ያገኙት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሳይዘጋጁ ደነገጡ፣ ሁለቱንም ጊዜ አጠገባቸው የነበሩት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አሁን ፍርሃቱ ከመድፉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእርስዎም ጋር ተያይዟል። ስለ ማስለመድ ከማውራትዎ በፊት ይህ መጠገን አለበት።

የሚጠገነው በይቅርታ ነው፤ ይቅርታውም «ግን» የሚል ቃል የሌለበት ይሁን። «ሳልጠይቅሽ ከባዱን ነገር እጅሽ ላይ አስቀመጥኩ። በበዓሉም ቀን ሳልነግርሽ ተኮስኩ። ያንቺን የልጅነት ነገር እያወቅሁ ይህን ማድረግ አልነበረብኝም» ይበሏቸውና ዝም ይበሉ። «ፈሪ» የሚለውን ቃል በቀልድም ቢሆን ከቤት ያውጡት። ጠብመንጃ በኛ ዘንድ የክብርና የጀግንነት ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ የደነገጠን ሰው መሳቂያ ማድረግ ይቀናናል፤ በትዳር ውስጥ ግን ይህ ሳቅ ውሎ አድሮ ዋጋ ያስከፍላል።

ቀጥሎ ረጋ ባለ ሰዓት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ የሚከብዳቸው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ድምፁ ነው? መሣሪያ ልጆች ባሉበት ቤት መቀመጡ ነው? ወይስ የሚሄደው ቅዳሜና የሚወጣው ገንዘብ? መልሱ ሦስተኛው ከሆነ ምንም ዓይነት የጆሮ መከላከያ አይፈታውም። ብዙ ባሎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የጊዜን ቅሬታ በተኩስ ትምህርት ሊመልሱት ይሞክራሉ።

ባለቤትዎ ስለ ፍንዳታው ቅዠት ካላቸው፣ ርችት ሲሰሙ ያ ቀን ዳግም የመጣ ከመሰላቸው፣ ወይም ከበዓሉ ወዲህ እንቅልፋቸው ከተረበሸ፣ የሚከተለውን ሁሉ ወደ ጎን ይተዉትና የስሜት ቁስል ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ አብረው ይሂዱ። ይህ በደንብ የሚታከም ነገር ነው። ባል ግን የሚስቱ ሐኪም መሆን አይችልም።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለና እሳቸው ራሳቸው «እስቲ ልሞክር» ካሉ፣ ደረጃ በደረጃ ይሂዱ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ፍርሃታቸውን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይንገሩዎት። መጀመሪያ ወደ ሜዳ ተኩስ እንጂ ወደ አዳራሽ አይሂዱ፤ ሰው በማይበዛበት የሥራ ቀን ጠዋት ይምረጡ። በመጀመሪያው ቀን መኪናውን ከተኩሱ መስመር 100 ሜትር ያህል ከኋላ ያቁሙ፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ ቡና ይያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ቁጥሩ 6 ሆኖ ከጀመረ 3 እስኪደርስ መቆየት ጥሩ ነው፤ ጫፍ ላይ እያለ ከሸሹ አእምሮ «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይማራል። ሆኖም «ይብቃኝ» ካሉ ያለ ክርክር ይመለሱ። መውጫው በእጃቸው መሆኑን ሲያውቁ ነው መቆየት የሚቀላቸው። በሚቀጥለው ጊዜ መስኮቱ ይከፈት፣ ከዚያ ከመኪናው ይውረዱ፣ ከዚያም ወደ መስመሩ ይጠጉ። አንድ ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢወስድ ምንም አይደለም።

ጆሮአቸውን በድርብ ይሸፍኑ፤ ከውስጥ የስፖንጅ መድፈኛ፣ ከላይ ደግሞ ሙሉ ጆሮ የሚሸፍነው። መድፈኛው በጣት ተሽከርክሮ ከቀጠነ በኋላ፣ በሌላኛው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይክተቱት፤ እስኪነፋ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ይያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ወፍራም ሹሩባ፣ ትልቅ የጆሮ ጌጥ ወይም ሻሽ ከላይኛው መሸፈኛ ሥር ከገባ ድምፅ ያስገባል፤ ሻሹ ከላይ ይደረግ። የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። አንገቱ የተዘጋ ልብስና ሽፍን ጫማም ያስፈልጋል፤ ትኩስ ቀለህ በደረት በኩል ሲገባ ሰው መሣሪያ እንደያዘ ይዘላል፣ አደጋውም ከዚህ ይመጣል።

የመጀመሪያ መሣሪያቸው ባለ .22 ካሊበር ረጅም ጠብመንጃ ይሁን፤ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ። ምቱ ትከሻ ላይ አይሰማም ማለት ይቻላል። ሽጉጥ ለጀማሪ የሚከብደው አፈሙዙ አጭር ስለሆነ በትንሽ የእጅ መዞር ወደ ሰው ሊመለስ ስለሚችልም ነው። የእርስዎ ጠብመንጃ ሰደፍ ለእሳቸው ክንድ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ሰደፉ ከረዘመ ጭንቅላታቸው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ትከሻቸውም ይመታል፣ «አልችልም» ብለው ይደመድማሉ፤ ችግሩ ግን የእንጨቱ ርዝመት ነው። የትኛው ዓይናቸው ገዢ እንደሆነም ይፈትሹ፤ ሁለት እጅ ወደ ፊት ዘርግተው በመዳፎቻቸው መካከል ትንሽ ክፍተት ፈጥረው በሁለት ዓይን ሩቅ ያለ ነገር ይዩ፣ ከዚያ ተራ በተራ አንዱን ዓይን ይጨፍኑ። ነገሩ የማይጠፋበት ዓይን ገዢው ነው። ቀኝ እጅ ሆነው ግራ ዓይናቸው ገዢ ከሆነ ጥይቱ ሁሉ ወደ ጎን ይሄድባቸዋል።

አራቱ የደኅንነት ሕጎች ከመጀመሪያው ጥይት በፊት ይጠኑ፤ መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠራል፣ አፈሙዝ ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አይዞርም፣ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣት ቃታ ላይ አይገባም፣ ከዒላማው ጀርባ ምን እንዳለ ይታወቃል። በተኩስ ሜዳ ላይ አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው «ሲዝ ፋየር» ብሎ ጮኾ ተኩሱን ሁሉ ማስቆም እንደሚችል ይንገሯቸው። ለተመልካች ይህ ትንሽ ሥልጣን አይደለም።

አስተማሪው ግን እርስዎ አይሁኑ። እርስዎ «ክርንሽን ዝቅ አድርጊ» ሲሉ እሳቸው የሚሰሙት የ14 ዓመት ትዳር ነው፤ ያው እርማት ከማያውቁት አሠልጣኝ ሲመጣ ግን ስለ ክርን ብቻ ይሆናል። የምስክር ወረቀት ያለው አሠልጣኝ፣ ከተቻለ ሴት፣ ይፈልጉላቸው። በዚያ ሰዓት እርስዎ ከአሥር እርምጃ ኋላ ይቁሙ። አምስት ጥይት ተኩሰው «በቃኝ» ካሉ ስድስተኛውን አይለምኑ።

ወደ መድፉ ስንመጣ፣ በግቢ መተኮሱን ያቁሙ፤ የሠፈሩና የካውንቲው ደንብ ሊከለክለው ይችላል፣ ለልጆችም አይመችም። ሌላም መልካም ነገር ልጠቁምዎ። መድፍ ከጠብመንጃ ይልቅ ለባልና ሚስት የሚስማማ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መድፍ በደንብ የሚተኮሰው በጓድ ነው። በትልልቆቹ የአፈሙዝ ጎራሽ መድፎች ዘንድ ከተኩስ በኋላ አንዱ በእርጥብ መወልወያ ውስጡን ያጥባል፣ ከዚያ ያደርቃል፤ ሌላው በቆዳ በተሸፈነ አውራ ጣቱ የመለኮሻውን ቀዳዳ ደፍኖ ይቆማል። ያ ጣት ከተነሣ አየር ይገባና የተረፈች ፍም ትቀሰቀሳለች፤ አፈሙዙ ዘንድ ያለው ሰው ክንዱን ሊያጣ ይችላል። አንዱ የሌላውን ሕይወት በጣቱ ይዟል ማለት ነው። መጎስጎሻውን፣ ማለትም ባሩዱን ወደ ውስጥ የሚገፋውን ዘንግ፣ የሚይዘው ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያደርጋል፣ ዘንጉን አቅፎ አይጨብጥም። ማንም ከአፈሙዙ ፊት አይቆምም፣ ከመንኮራኩሩም ጀርባ አይሆንም፤ መድፍ ወደ ኋላ ይሮጣልና። ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው፤ ለዘመናዊ ጥይት የሚሆነው ጭስ አልባ ባሩድ መድፉን ይሰነጥቀዋል። አስቀድሞ ተመዝኖ በተጠቀለለ ልክ ይጎርሳል እንጂ ከቆርቆሮው በቀጥታ አይፈስም። ለጌጥ የተሠራ ብረት መድፍ በጭራሽ አይተኮስም። ይህን ሁሉ ልምድ ካላቸው ሰዎች ሳይማሩ አይሞክሩት።

ለዚህ ደግሞ ቦታው ሩቅ አይደለም። በቨርጂኒያ ዊንቸስተር አጠገብ ፎርት ሸናንዶዋ በሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ያለው የኖርዝ ሳውዝ ስከርሚሽ ማኅበር በፀደይና በመከር የአፈሙዝ ጎራሽ ጠብመንጃና የመድፍ ውድድር ያካሂዳል፤ ሴቶችም ይወዳደራሉ። እንደ ተመልካች አብረው ይሂዱ፣ ከሩቅ ይቁሙ። እዚያ ተኩስ በትእዛዝ ስለሚጀመር መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ የሚጠበቅ ድምፅ ከድንገተኛው ያነሰ ያስደነግጣል። ከሁሉ ያነሰ የሚያስደነግጠው ደግሞ ራስ የሚያስነሡት ድምፅ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ አንድ ቀን የመድፉን ገመድ ራሳቸው ለመሳብ ቢጠይቁ አይገረሙ። ሰዓት መቁጠርና ትእዛዝ መስጠትን ብቻ ቢመርጡም ሙሉ የጓዱ አባል ናቸው።

ከጥይት የሚወጣውን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት አይርሱ። ከተኩስ በኋላ ሳይበሉ እጅና ፊት በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፤ ጫማ ከበር ውጭ ይቅር፣ ልብሱ ለብቻው ይታጠብ፣ ልጆቹንም ከዚያ በፊት አይቀፉ። ባለቤትዎ ካረገዙ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ተኩስ ሜዳ መሄዱ ይቅር፤ እርሳሱ ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ የፅንስን ጆሮ ደግሞ ምንም መከላከያ አይሸፍነውም።

የቤቱን ደኅንነት በተመለከተ ባለቤትዎ የመጨረሻ ቃል ይኑራቸው። መሣሪያው በተቆለፈ ካዝና፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ፣ ባሩዱ ከሁለቱም ርቆ። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ስለዚህ ከሁለታችሁ አንዱ በድብርት ቢያዝ፣ ወይም ጠባችሁ ማስፈራራት ላይ ቢደርስ፣ መሣሪያው ያለ ድርድር ከቤት እንዲወጣ ዛሬ በሰላሙ ቀን ተስማሙ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ወይም ጭንቀቱ አስቸኳይ ሲሆን በአሜሪካ የእርዳታ መስመር በ988 መደወል ይቻላል።

ባለቤትዎ ሁሉንም ሰምተው «አልፈልግም» ቢሉስ? ያን ጊዜ አንዲት ቅዳሜ ለእርስዎ፣ ቀጣይዋ ለሁለታችሁ ትሁን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ጥንዶችን ያቀራረበው ለሁለቱም አዲስና የሚያነቃቃ ነገር አብሮ መሥራት ነበር፤ ያ ነገር የግድ ተኩስ መሆን የለበትም። በሁለተኛዋ ቅዳሜ የሚደረገውን እሳቸው ይምረጡ፤ እርስዎም ሳያጉረመርሙ ጀማሪ ይሁኑ። በተኩስዎ ቀን ደግሞ ሲወጡና ሲጨርሱ መልእክት ይላኩ፤ ያሉትን ሰዓት ጠብቀው፣ ልብስዎን ቀይረው ይግቡ።