መልስ፦ እየመራ የተበላ ልጅ እንዴት ይነሳል?

እህቴ፣ ታናሽ ወንድምሽ 5,000 ሜትሩን እየመራ መጨረሻው ዙር ላይ ተቀድሞ ልምምድ አልሄድም ማለቱ አይገርምም። ጎልፈኛውን ሮሪ ማክልሮይን ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ2011 ገና 21 ዓመቱ ነበር። ማስተርስ የተባለውን ትልቅ የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ቀን በ4 ምት እየመራ ጀመረ፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው ባነሰ ምት የጨረሰ ነው። 10ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷን ቤቶች መሃል ከተታት፤ በ4 ምት የሚያልቀውን በ7 ጨረሰ። ከዚያ ወዲያማ ተዪው! ቀኑን በ80 ምት ዘጋ። ግን አልተደበቀም፤ ለጋዜጠኞች መልስ ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላውን ትልቅ የጎልፍ ውድድር፣ ዩኤስ ኦፕንን፣ በ8 ምት ልዩነት በላ። ማስተርስን ለመብላት ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ጠበቀ።

ልጁን ለጊዜው በምክር አታድክሙት። ነገ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ አብረሽው ውጪ። የመጨረሻውን 400 ሜትር ደክሞት እያለ መለማመዱን ደግሞ ከአሰልጣኙ ጋር ይነጋገርበት።