መልስ፦ የፊንላንድ አፈ ታሪክን ወደ ጌጥ ለመቀየር ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ከፊንላንድ አፈ ታሪክ ተነስቼ ጌጥ መንደፍ እፈልጋለሁ፣ መጀመሪያ ምን ላንብብ ብለሽ ነበር። እኔን ከሰማሽ ከማንበብሽ በፊት ከመሬት ተቆፍረው የወጡትን ጌጦች እዪ። የፊንላንድ አፈ ታሪክ የተሰበሰበበት ካሌቫላ የሚባለው የግጥም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1835 ነው የታተመው፤ ጌጦቹ ግን ከእሱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ።

ልብስ ትከሻ ላይ የሚያያዝባቸው ሞላላ የነሐስ ብሮሾች አሉ፣ ከነሱ በደረት ላይ የሚወርዱ ሰንሰለቶች አሉ፣ ደግሞ ከቀጭን ሽቦ የተጠመዘዙ ጥቃቅን ቱቦዎች በሽርጥ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ስታዪ ዓይንሽን መንቀል ያቅትሻል። በጣም ነው የምወዳቸው!

እ.ኤ.አ. በ1937 የተጀመረው ካሌቫላ ኮሩ የሚባለው ጌጥ ሠሪ ድርጅትም የተነሳው ከዚሁ ነው። ኤልሳ ሄፖራውታ የምትባል ደራሲ ለካሌቫላ ሴቶች ሐውልት ማሠሪያ ገንዘብ ፈልጋ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጌጦች በብሔራዊ ሙዚየሙ ያሉትን ጥንታዊ ቅርሶች መነሻ አድርገው ተሠሩ። ዛሬም ይሸጣሉ።

ከታሪኩ ደግሞ አንጥረኛውን ኢልማሪነንን ያዢ። ሳምፖ የተባለውን ተአምረኛ ዕቃ የቀጠቀጠው እሱ ነው፣ የሳምፖ መልክ ግን በግጥሙ በደንብ አልተገለጸም፤ ስለዚህ ቅርጹን እንደፈለግሽ መፍጠር ትችያለሽ። በብር አትጀምሪ፣ ነሐስ ይሻልሻል፣ ቀለሙ ራሱ የጥንቱን ዘመን ስሜት ይሰጥሻል።