«ልጄ ቤቷን ሸጣ ጀልባ ላይ ገባች»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ልጄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ትልቁ 9 ዓመቱ፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። በቀደም ደውላ «እማዬ፣ ቤቱን ሸጥነው፤ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተን እዚያው ገባን» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ኋላ በቪዲዮ አሳየችኝ። ርዝመቷ 36 ጫማ ነው አሉ፤ ከተሠራች 40 ዓመት ሊሞላት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አናፖሊስ በሚባል ከተማ ታስራ ትቆማለች፤ ልጆቹም እንደ ወትሯቸው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቅዳሜና እሑድ ሸራ ዘርግተው በአቅራቢያቸው ያለውን ባሕር ይዞራሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ነፋስ ሲነሳ አትገለበጥም? የት ያበስላሉ? የት ይጸዳዳሉ? ጎረቤቶቼማ ቡና ላይ «ልጅሽ ቤት አጣች እንዴ?» ይሉኛል። በዚያ ላይ «በሰኔ መጥተሽ ከእኛ ጋር ሰንብቺ» ብላኛለች። ልሂድ ወይስ ልቅር? ወይስ ተቆጥቼ ላስተዋት?
እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሩ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ ነው ያነበብኩላት። «አንተስ ስትሄድ እናትህ እንዲሁ አልነበሩ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዚህ አምድ ደንበኞች ያውቃሉ፤ የደሴ ልጅ ብሆንም ወጣትነቴን የጨረስኩት በመርከብ ሞተረኛነት ነው። በ1971 ዓ.ም. በባቲና በሚሌ በኩል በጭነት መኪና አሰብ ወርጄ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ 19 ዓመቴ ነበር። ዋና አልችልም። የጦሳ ሥር ልጅ ዋና የት ይማራል?

መገልበጡን በባልዲ እንፍታው። ሁለት ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይፈልጉ። አንደኛው ውስጥ አንድ እፍኝ እርጥብ አሸዋ ይጨምሩ። ሁለቱንም ከድነው ባልዲ ውሃ ላይ ይልቀቋቸው። ባዶው ጋደም ብሎ ይንከባለላል። አሸዋ ያለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጣትዎ ገፋ ቢያደርጉት ዘመም ይልና ይመለሳል። የልጅዎ ጀልባም ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ከባድ ክንፍ አላት፤ ከእርሳስ ወይም ከብረት የተሠራ። እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ያህሉ እሱ ነው። ነፋስ ሲመታት ትጋደማለች። በቪዲዮ ቢያዩ ይጮኻሉ። ግን በተጋደመች ቁጥር ሸራዋ የሚይዘው ነፋስ ይቀንሳል፣ ክንፉም ወደ ቦታዋ ይጎትታታል።

ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣስ? ሸራ በቀጥታ ወደ ነፋስ አይሄድም። እርስዎ ደሴ ሲመጡ ሐረጎን እንዴት ይወጡታል? መኪናው ተራራውን ቀጥ ብሎ አይወጣውም፤ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አናቱ ላይ ይደርሳል። እነሱም እንደዚያው ናቸው። ደግሞ ፍጥነት አለ ብለው እንዳይሰጉ። እንዲህ ያለች ጀልባ በደህና ነፋስ በሰዓት 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን መንገድ ሦስት ሰዓት ልትፈጅበት ትችላለች።

ያሉበትም ቦታ ውቅያኖስ አይደለም። ቼሳፒክ የሚባል ወደ የብስ የገባ ረጅም ሰላጤ ነው። 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 53 ሜትር ገደማ ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የእኛው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል! ዳር ዳሩ ሁሉ ወንዝና ጠባብ የውሃ መግቢያ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ገብተው መልህቅ ይጥላሉ። 5 ሜትር ውሃ ላይ ለማደር ከ25 ሜትር ያላነሰ ሰንሰለት ይለቃሉ፤ ሲረዝም ነው የሚይዘው። ጀልባዋም ካስማ ላይ እንደታሰረች ፍየል ሌሊቱን ስትዞር ታድራለች። በእነሱ በጋ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነጎድጓድ ይመጣል። እሱ ቀልድ የለውም፤ ደመናው ሳይደርስ ሸራ ማውረድ ነው።

አሁን እርስዎ ያልጠየቁኝን ልንገርዎ። እኔ ልሰምጥ የነበረው ማዕበል ላይ አይደለም። አሰብ ወደብ፣ ነፋስ የሚባል በሌለበት ጠዋት፣ በሁለት ገመድ ከታሰረች ጀልባ ላይ ነው። በአንድ እጄ የዘይት ጣሳ፣ በሌላው የሰው ሻይ ይዤ እርጥብ ሳንቃ ላይ ተራመድኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው የጀልባዋን ጎን ከታች ወደ ላይ ሳየው ነው። ለምለም የመሰለ አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሷል፤ በጥፍሬ ብቧጥጠው ያሟልጫል። የምይዘው ነገር የለም። አንድ ሸምገል ያለ ጫኝ በሸሚዜ አንገት ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ሻዩ የት እንደደረሰ ጠየቀኝ፤ የእሱ ነበረ ለካ።

ስለዚህ ልጅዎን ስለ ማዕበል አይጠይቋት። «ልጆቹ ጀልባዋ ታስራ ሳለችም፣ ከመውረጃው ሳንቃ ጀምሮ ላይፍ ጃኬት ያደርጋሉ ወይ?» ይበሏት። የ5 ዓመቷ ልጅ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ያለ እሱ ውጭ መታየት የለባትም። በጀልባዋ ዙሪያ ባለው የሽቦ አጥር ላይ መረብ ቢያስሩ ደግሞ ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ «ባልሽ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ፣ ብቻሽን ሸራውን አውርደሽ፣ ሞተር አስነስተሽ፣ ተመልሰሽ ታወጪዋለሽ?» ይበሏት። ብዙ ባልና ሚስት ጀልባ ላይ ሲወጡ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ተሳፋሪ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ልጅዎ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዝም ካለች፣ ያኔ ይቆጧት። ሬዲዮው ላይ 16ኛው መስመር የድንገተኛ ጥሪ መሆኑንማ ትልቁ ልጅም ማወቅ አለበት።

ቤቱን መሸጣቸው ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። አከራይተውት ቢሆን ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር። ቤት ሲያድር ዋጋው ይጨምራል፣ ጀልባ ሲያድር ይቀንሳል። ባለ ጀልባዎች በየዓመቱ ከዋጋዋ 10 በመቶ ያህል ለወጪ ያዝ ያደርጋሉ፤ ለአሮጌ ጀልባ ያም ላይበቃ ይችላል። ለማንኛውም ሳይገዙ በባለሙያ አስመርምረዋት እንደሆነ ይጠይቁ። መርማሪው ከውሃ አስወጥቷት በትንሽ መዶሻ ሆዷን እየመታ ነው የሚዞረው። እኛ ምጣድ ስንገዛ በጣታችን ኳ ኳ አድርገን እንደምንሰማው ማለት ነው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውሃ የገባበት ድምፁ ይታፈናል። ምሰሶዋን የወጠሩት ሽቦዎችም ዕድሜ አላቸው፤ በ10 ወይም በ15 ዓመት ይቀየራሉ። መቼ እንደተቀየሩ የሚያውቅ ከሌለ ሳይውል ሳያድር ይቀየሩ። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ 40 ዓመቷ አያስጨንቅዎ።

መጸዳጃው ቀላል ነው። ትንሽ ክፍል አለ፣ በእጅ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ አለው፤ ፍሳሹ በታንከር ይጠራቀምና ወደብ ላይ ይመጠጣል። እዚያ አገር ጥሬ ፍሳሽ ሰላጤው ውስጥ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። የሚጠጣውና የሚታጠቡበት ውሃ ደግሞ 300 ሊትር ገደማ ሊሆን ይችላል፤ 15 ጀሪካን ይበሉት። ለአሜሪካኖች ይከብዳል። ውሃ በፈረቃ ለለመድነው ለእኛ ግን የቤት ልማድ ነው፤ እንዲያውም እርስዎ ያስተምሯቸዋል። የከበደው ክረምታቸው ነው፤ ብርዱም፣ ግድግዳው ላይ የሚያልበው እርጥበትም። በጥር ስልክ ደውለው ድምፃቸውን ይስሙ። ወይ ይፀናሉ፣ ወይ ቤት ይከራያሉ፤ ያኔ ይታያል።

ለጎረቤቶችዎ «ልጄ ቤቷን ይዛው ትዞራለች» ይበሏቸው።

መሄዱን ግን ይሂዱ። ሻንጣዎ ጠንካራ አይሁን፤ ባዶውን የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም። የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይያዙ። ጫማዎ የላስቲክ ሶል ይሁን፤ ተረከዝ ያለው ወለሉን ይወጋባቸዋል፣ እርስዎንም ይጥላል። ሆድዎ ሲገለባበጥ ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ውጭ ተቀምጠው ሩቅ ያለውን የብስ ይመልከቱ፣ ዝንጅብልም ያኝኩ። በርበሬና ሽሮውን በላስቲክ ዕቃ እንጂ በጠርሙስ አያሽጉ።

ደግሞ አደራ፣ ከሰል እንዳይያያዝ። ዕጣንም ቢሆን ውጭ ነው። ያቺ ክፍል ከእርስዎ ጓዳ ታንሳለች፤ የከሰል ጭስ ተኝተው ሳሉ ይጨርሳችኋል። ጋዙም ቢሆን ከአየር ስለሚከብድ፣ ካፈተለከ ወደ ላይ አይበንም፤ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛና የሞተር ብልጭታ ይጠብቃል። ስለዚህ ምግብ በተሠራ ቁጥር ምድጃው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሲሊንደሩ ላይ ይዘጋል። እንዳይረሱ፤ ልጅዎም ብትረሳ ያስታውሷት።

ጀበናዎን ግን ይያዙ። የጀልባ ምድጃ ዥዋዥዌ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ጀልባዋ ስትዘም እሱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ጀበናው እንዳይንሸራተት ከጎንና ከጎን የሚይዙ ብረቶችም አሉት። አቦሉን ሲቀዱ ስኒውን ግማሽ ያድርጉት።