የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ዊኒፍሬድ» ማለት ምን ማለት ነው?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጅማ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሦስቱም እምብዛም ስለማይሰሙ የእንግሊዝኛ የተጸውዖ ስሞች ይጠይቃሉ። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈረንጅ አራዳ፦ «እንግሊዝ አገር የምትኖረው ታላቅ እህቴ በሰላም ተገላግላ ልጇን ዊኒፍሬድ ብላ እንደ ሰየመቻት በስልክ ነገረችን። እናቴ ቡና እየቆሉ ነበርና ምጣዱን ከእሳቱ አውርደው “ትርጉሙ ምንድን ነው?” ሲሉ ጠየቋት። እህቴ “ደስታና ሰላም ማለት ነው” አለች፤ ባለቤቷ ደግሞ ከኋላዋ ሆኖ “የለም፣ የዌልስ ቅድስት ስም ነው” ሲል ተሰማ። እናቴ ይህ ነገር እስኪለይላቸው ድረስ የልጅ ልጃቸውን “ሚጣ” እንጂ በስሟ አልጠሯትም። ትክክለኛው የትኛው ነው?»

መልስ፦ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ቀዳሚው ግን የባለቤቷ መልስ ነው። ስሙ ከመነሻው እንግሊዝኛ ሳይሆን ዌልስኛ ነው። ቅድስቲቱ በአገሯ ቋንቋ ግዌንቭሬዊ ትባላለች፤ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል «ግዌን» ደግሞ ነጭ፣ የተባረከች የሚል ፍች አለው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ዌልስ የኖረችው ይህች ድንግል፣ እምቢ ያለችው አንድ መስፍን አንገቷን በሰይፍ እንደ ቀላት፣ ራሷ በወደቀበት ቦታ ምንጭ እንደ ፈለቀ፣ አጎቷ ቅዱስ ቤውኖም ጸልዮ ከሞት እንዳስነሣት ገድሏ ይተርካል። ምንጩ ዛሬም አለ። በዙሪያው የተቆረቆረችው ከተማ ሆሊዌል የምትባለው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ትርጉሙም «ቅዱስ ምንጭ» ማለት ነው፤ ፈውስ የሚሹ ምእመናንም እስከ ዛሬ ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ለእናትዎ ሲያስረዱ ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ የጸበልን ነገር እርሳቸው ከእኔና ከእርስዎ በተሻለ ያውቁታልና።

«ደስታና ሰላም» የሚለው ትርጉም የመጣው በኋላ ነው። እንግሊዞች የዌልሱን ስም በራሳቸው አንደበት ሲጠሩት፣ በጥንታዊው ቋንቋቸው ደስታ የሚለውን «ዊን» እና ሰላም የሚለውን «ፍሪት» የሰሙበት መሰላቸውና አጻጻፉንም ወደዚያው አስጠጉት። እንግዳ ስም ወደ አንድ አገር ሲገባ ሕዝቡ በሚያውቀው ቃል ፈትቶ ማላመዱ በብዙ ቋንቋዎች የሚታይ ነገር ነው። ሮዛመንድ የተባለው የሴት ስም እንኳ ከጥንታዊ ጀርመንኛ ሲነሣ ፈረስና ጥበቃ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነበር፤ ላቲን የሚያውቁ ካህናትና ጸሐፊዎች ግን «የዓለም ጽጌረዳ» ብለው ፈቱት፤ ፈረሱም ተረሳ። የጅማ ሰው በዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም፤ የከተማችን ታላቅ ንጉሥ እስከ ዛሬ የሚጠሩበት አባ ጅፋር የሚለው ስም የፈረስ ስም ነውና። እኛ ዘንድ ፈረሱ አልተረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ጉዳዩን አቅልዬ ላየው አልችልምና። በስልክ የሚዘዋወሩት የስም ዝርዝሮች ለእያንዳንዱ ስም አንድ ያማረ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣሉ፤ የጥንት እንግሊዞች ስም አወጣጥ ግን እንዲያ አልነበረም። ስማቸው ከሁለት ቃላት ይገጠም ነበር፤ ቃላቱም ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው የተያያዘ ሐሳብ አይሰጡም። ኢዲት የሚለው ስም ከፊሉ «ሀብት፣ መልካም ዕድል»፣ ከፊሉ «ጦርነት» ነው። ሚልድሬድ «የዋህ» እና «ኃይል» ነው። በ1062 ጳጳስ ሆኖ የተሾመውና በ1095 ያረፈው የዉስተሩ ቅዱስ ዉልፍስታን ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው፦ የእናቱ ስም ዉልፍጊፉ፣ የአባቱ ስም ኤተልስታን ነበርና፣ ከእናቱ «ዉልፍ» ማለትም ተኩላ፣ ከአባቱ «ስታን» ማለትም ድንጋይ ተወስዶ ለልጁ ተሰጠ። «የተኩላ ድንጋይ» ብሎ መፍታት ይቻላል፤ ወላጆቹ ግን ልጁ የሁለቱም መሆኑን ለማሳየት እንጂ ስለ ተኩላም ስለ ድንጋይም ለመናገር አልነበረም። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ የሚሉት ስሞች ተስፋፍተው እነዚህን አሮጌ ስሞች ከሞላ ጎደል አጠፏቸው፤ በነገሥታትና በቅዱሳን ስምነታቸው ከተረፉት ብዙዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተወደዱ።

እናትዎ ስሙን እንግዳ አድርገው እንዳያዩት አንድ የሚያውቁትን ሰው ይጥቀሱላቸው። ዊኒ ማንዴላ ሙሉ ስማቸው ኖምዛሞ ዊኒፍሬድ ነበር፤ «ዊኒ» የዚሁ ስም ማቆላመጫ ነው፤ «ሚጣ» የሚለውን ለመተካትም ምቹ ይመስለኛል።

በተረፈ እህትዎ ልጇን ይዛ ወደ አገር ቤት ስትመጣ በአማርኛ የሚጻፈው ስም ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ይሁን። ኢዲት የምትባል የጎረቤቴ ልጅ በክትባት ካርዷ «ኤዲት»፣ በልደት ምስክር ወረቀቷ «ኢዲዝ»፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ደግሞ «እዲት» ተብላ ተጽፋ፣ አባቷ አንዲቱ ልጅ አንድ መሆኗን ለማስረዳት ስንት ቀን ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመንደራ፦ «እኛ ዘንድ ታከለ፣ ተመስገን፣ ባሕሩ ተብሎ ሲጠራ ትርጉሙ ወዲያው ይገባል። አንድ አስተማሪያችን ግን “የፈረንጅ ስም ትርጉም የለውም” ብሎናል። እውነት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንደኛ ያለ ስም የላቸውም?»

መልስ፦ አላቸው፤ የጠቀሷቸው ሦስት ስሞች እንኳ አቻ አላቸው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒዩሪታን የሚባሉት የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ብዙዎቹ የልጆቻቸውን ስም ከዕለት ቃላት ያወጡ ነበር። በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ወደ አሜሪካ በተሻገሩት ስደተኞች መካከል፣ ውቅያኖስ ላይ ሳሉ የተወለደው ሕፃን ኦሺያነስ ተባለ፤ ባሕሩ ማለት ነው። መርከቢቱ ኬፕ ኮድ ወደብ ከደረሰች በኋላ እዚያው መርከብ ላይ የተወለደው ደግሞ ፔሪግሪን ተባለ፤ ይህ ከላቲን የመጣ ሲሆን መንገደኛ፣ ባዕድ ማለት ነውና በእኛ እንግዳ ብንለው ይስማማዋል። በዚያችው መርከብ ላይ «ፍቅር» እና «ትግል» የሚል ትርጉም ያላቸው ላቭና ሬስሊንግ የተባሉ ወንድማማቾች፣ ሪሜምበር ማለትም «አስታውሺ» የተባለች ልጅም ነበሩ። በ1653 በለንደን የተሰበሰበው ፓርላማ ቅጽል ስሙን ያገኘው ፕሬይዝ ጎድ ቤርቦን ከተባለ ቆዳ ነጋዴ አባሉ ነው፤ ፕሬይዝ ጎድ «እግዚአብሔርን አመስግን» ማለት ስለሆነ ከተመስገን ጋር ወንድማማች ነው።

ታከለን በተመለከተ፣ ከ1639 እስከ 1723 የኖረውና ሐርቫርድን የመራው ኢንክሪስ ማዘር አለላችሁ። ኢንክሪስ መጨመር፣ መብዛት ማለት ነው። ልጁ በጻፈው የሕይወት ታሪክ መሠረት ስሙ የተሰጠው እርሱ በተወለደበት ጊዜ እግዚአብሔር ለአገሪቱ ስለ ሰጠው በረከት ነው። ትርጉሙ ግን ከዕብራይስጡ ዮሴፍ ጋር ይገጥማል፤ ራሔል ሌላ ልጅ እንዲጨመርላት ተመኝታ ያወጣችው ስም ነውና። ስለዚህ ዮሴፍ፣ ኢንክሪስና ታከለ በሦስት ቋንቋ የአንድ ሐሳብ ስሞች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

የአስተማሪዎ አባባል በከፊል የሚሠራበት ቦታም አለ። የኢንክሪስ ልጅ ስም ኮተን ነበር፤ መዝገበ ቃላት የከፈተ ሰው «ጥጥ» ብሎ ሊፈታው ይችላል። ይሁን እንጂ ኮተን የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው፤ ልጁ የእናቱን ወገን እንዲያስጠራ የተሰጠው ነው። በ1941 ከአርበኞቻችን ጋር ጎጃም ውስጥ የተዋጋው የኦርድ ዊንጌት ስምም እንዲሁ ነው፤ ኦርድ የመጣው ኦርድ ብራውን ከተባለው የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። እንዲህ ባለው ስም ውስጥ የሚፈለገው የቃሉ ፍች ሳይሆን የእናት ወገን ነው።

ከጂሬን፦ «ለሥራ ወደ ከተማችን የመጣች ካንዲስ የምትባል አሜሪካዊት “ስሜ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው” አለችኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ ልጅቱ ያለ ምክንያት አልተናገረችም። ካንዲስ እኛ ሕንደኬ የምንለው ነው። በመነሻው ግን የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን፣ በዛሬዪቱ ሱዳን መርዌ ላይ ይገዙ የነበሩት የኩሽ ንግሥቶችና የንጉሥ እናቶች ማዕረግ ነበር፤ የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች ማዕረጉን እንደ ተጸውዖ ስም ወሰዱት፤ «ፈርዖን» የሚለውን አንዳንድ ሰው የአንድ ንጉሥ ስም እንደሚያደርገው ማለት ነው። በግሪኮቹ አጠራር «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ያጠቃልል ስለነበር፣ መጽሐፍ ቅዱስም ንግሥቲቱን የኢትዮጵያ ንግሥት ይላታል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባኮስ ብሎ የሚጠራው፣ በፊልጶስ እጅ የተጠመቀው ጃንደረባም የእርስዋ ሹም ነበር። ባልደረባዎ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ቁጥር 27ን በእንግሊዝኛው ሳታውቀው አትቀርም፤ የአማርኛውን ገልጠው «ሕንደኬ» የሚለውን በፊደላችን ቢያሳዩዋት ደስ የሚላት ይመስለኛል።